ርካሽ ጠመንጃ፣ ውድ ጥይት፣ የሌለ መነጽር

ሰርግ ላይ ነን። ኬኩ ተቆርጧል፣ ዲጄው ደክሞታል፣ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ማይክሮፎኑን ተቀብለው ሽለላ ጀመሩ። ውጅግራ አሉ፣ ስናድር አሉ፣ ምንሽር አሉ። እኛም፣ አዳማ ላይ ያደግንና ከጠመንጃ ጋር ያለን ዝምድና ጌም ቤት ተጀምሮ ጌም ቤት ያለቀ ልጆች፣ ምን እንደተባለ በቅጡ ሳይገባን እልል ብለን አጨበጨብን።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ከመካከላችን አንዱ ጠየቀ። «ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች አንበሳውን በምን ነበር የሚያነጣጥሩት?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጌም ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጨምርበት መነጽር ነው። የዛሬ አዳኝም ከጠመንጃው ቀጥሎ የሚጨነቀው አቅሙን የማይጎዳ ጥሩ መነጽር ስለማግኘት ነው። የእኛ አያቶችስ? ጉዳዩን ስንቆፍረው ታሪኩ ከጀግንነት ይልቅ ስለ ዋጋ የሚያወራ ሆኖ አገኘነው።

የሌላ ሰው አሮጌ

«ውጅግራ» ሲሉት የአገር ልጅ ይመስላል እንጂ ፈረንሳይኛ ነው። «ፉዚ ግራ» ማለት የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ የሠሪው መኮንን ስም ነው። ስናድር ከእንግሊዞቹ «ስናይደር»፣ ምንሽር ከኦስትሪያው «ማንሊከር» የመጡ ናቸው። የሰርግ ቤቱ ሽለላ ግማሹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ስም ዝርዝር ነው ማለት ነው።

የግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው፣ 11 ሚሊሜትር እርሳስ የሚተፋ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ሌበልን ስትታጠቅ ግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። ታጁራ፣ ኦቦክ፣ በኋላም ጅቡቲ የዚያ ገበያ በሮች ሆኑ። ዛሬ ሳልቫጅ ጃኬት እንደምንመርጠው ያን ጊዜ ሳልቫጅ ጠመንጃ ይመረጥ ነበር።

ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም መጻፍ እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት በግመል ጭኖ፣ የአፋርን በረሃና አዋሽን ተሻግሮ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ዕቃውን ንጉሥ ምኒልክ ጠቅልለው ወሰዱት፤ ግን ዋጋውን ሰብረው ነው። በዚያ ላይ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ተቀነሰበት። ቀሪውንም ገንዘብ ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ሰውየው ምሬቱን በደብዳቤ ጽፎ ትቷል። የመርካቶ ነጋዴ ቢያነበው በማን እንደሚስቅ እናውቃለን።

ይህ የዋጋ ብልሃት ከንቱ አልነበረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር እንዲህ ከየአገሩ በተለቃቀመ መሣሪያ የታጠቀ ነበር።

አፈሙዙ የዞረበት ሌላ ወገን

እዚህ ላይ ዝም ብለን ብናልፍ ግን ታሪኩን ግማሹን በላነው ማለት ነው። አድዋ ላይ ያኮራን ጠመንጃ ከአድዋ በፊት ወደ እኛው ስምጥ ሸለቆ ዞሮ ነበር። ከ1874 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሸዋ ጦር በአርሲ ኦሮሞዎች ላይ ተደጋጋሚ ዘመቻ አደረገ። አርሲዎች በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ለዓመታት ተከላከሉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ በራስ ዳርጌ የተመራው ባለ ጠመንጃ ጦር አሸነፋቸው። ስለዚህ ሰርጉ ላይ «ውጅግራ» ሲባል አንዱ ጠረጴዛ እልል ሲል ሌላው ጠረጴዛ አንገቱን ቢደፋ አይግረመን። ሁለቱም የሚያስታውሱት ያንኑ ጠመንጃ ነው።

ጠጋ ብሎ መተኮስ

አሁን ወደ መነጽሩ። ጠመንጃው ርካሽ ቢሆንም ጥይቱ ርካሽ አልነበረም። እንዲያውም በብዙ የአገሪቱ ገበያዎች ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ቃታ መሳብ ማለት ከኪስ ሳንቲም አውጥቶ ወደ ጫካ መወርወር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ አይሞክርም፤ እስኪበቃው ድረስ ይጠጋል።

ባሩዱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ነጭ ጭስ ይለቃል፤ ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን ማየት አይችልም። አውሬው ወድቆ ይሁን ወደ እሱ እየሮጠ ይሁን ጭሱ ሲገለጥ ነው የሚያውቀው። በዚያ ጭስ ውስጥ መነጽር ምን ያደርግለታል?

ሦስተኛው ምክንያት ልማዱ ነው። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ፀጉሩን ቅቤ ይቀባል፣ በጎፈር ይዋባል፣ ስሙ በፉከራ ይነሳል። በቡድን ሲታደን ደግሞ «ገዳይ» የሚባለው አውሬውን የጣለው ሳይሆን መጀመሪያ ያደማው እንደነበረ የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። አስቡት፤ ክብሩ ለፈጣኑ እንጂ ላነጣጠረው አልነበረም። ቆስሎ የሚያመልጠውን፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ለቀናት የሚሰቃየውን አውሬ ያስታወሰው ሽለላ እኛ አልሰማንም።

19 ዶላር

መነጽሩ በሌላው ዓለም አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መነጽር የተገጠመላቸው ጠመንጃዎች ተተኩሰዋል። ጥቅሙ ማጉላት ብቻ አይደለም። ያለ መነጽር ዓይናችን ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ሊያይ ይታገላል፦ ወደ ዓይን የቀረበውን ስንጥቅ፣ አፈሙዙ ላይ ያለችውን ፍሬ፣ ራቅ ያለውን ዒላማ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። መነጽር ግን ዒላማውንና የመስቀል ምልክቱን ባንድ ላይ ያመጣቸዋል።

ችግሩ ዋጋው ነበር። መነጽር ለረጅም ጊዜ የሀብታም ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ 19 ዶላር ብቻ የሚሸጥ መነጽር ሲያወጣ ተራው አዳኝም ደረሰው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1947 የኦሪገኑ ሊዮፖልድ ኩባንያ ቱቦውን በናይትሮጅን ጋዝ ሞልቶ የመስታወቱን መጨጋገን አስቀረ። ለጉም አገር ትልቅ ነገር ነው፤ የሙኔሳን ጫካ ጠዋት ላይ ያየ ይመሰክራል።

ርካሽ መነጽር የሚመረጥበት ደንብ ዛሬም ያው ነው። የማጉያ ቁጥር ብዛት አያታልል። አራት እጥፍ የሚያጎላ፣ ቁጥሩ የማይቀያየር መነጽር ለአብዛኛው አደን ይበቃል፤ የሚንቀሳቀስ ክፍሉም ስለሚያንስ በጠመንጃው ርግጫ ቶሎ አይናጋም። ብዙ የሚያጎላው የዕይታውን ስፋት ያጠበዋል። በአዋሽ ግራር መካከል ደግሞ የሚያስፈልገው ስፋት ነው። ገንዘብ ካለ የሚወጣው ለመስታወቱ ጥራትና መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ለሚያስረው ብረት ነው።

መነጽሩ ሲረክስ እንስሳው ተወደደ

የሚያሳዝነው ጊዜው አለመገጣጠሙ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የእኛ አዳማም የዚሁ ሐዲድ ልጅ ናት። በባቡሩ ጥይትም አዳኝም ገባ። እ.ኤ.አ. በ1926 ከቺካጎ የመጣ የሙዚየም ቡድን አርሲ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ወጣ። እንስሳው በሳይንስ ስሙ የተመዘገበው ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። የዓለም ሳይንስ እንዲህ ዘግይቶ ያወቀው እንስሳ፣ የእኛ የ10 ሳንቲም ላይ ያለው ነው።

ሻሸመኔ አካባቢ ያለው የስዌይን ቆርኬ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በአንድ ወቅት እስከ ሶማሌ ሜዳዎች ድረስ በመንጋ ይታይ የነበረ እንስሳ ነው። በክፉ ቀን የገባው የከብት በሽታ፣ ከዚያ ጠመንጃው፣ ከዚያ እርሻው ተራ በተራ ጨረሱት። ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፤ አገር ውስጥም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ሰንቀሌ ነው።

ሕግም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1944 የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፣ በ1958 ዓ.ም. አዋሽ ፓርክ ተቋቋመ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ጠመንጃን ያለ ፈቃድ መያዝ ከለከለ። አደን አልጠፋም። በተከለሉ ቦታዎች፣ በኮታና በፈቃድ፣ በአብዛኛው ለውጭ አገር ሰው ይካሄዳል። ለትልቁ አውሬ የሚከፈለው ገንዘብ ከመነጽሩም ከጠመንጃውም ይበልጣል።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው ነው። ጠመንጃ ሲረክስ ጥይት ውድ ነበር፣ መነጽር ሲረክስ እንስሳው አለቀ። አያቶቻችን ተጠግተው መተኮሳቸው ድፍረት እንደነበረ አንክድም፤ ከሦስት ጥይት ጋር አንበሳ ፊት መቆም ቀልድ አይደለም። ግን ያንን ድፍረት ስናሞግስ የቆሰለውንም፣ የተወጋውንም እንቁጠር።

መነጽር መግዛት ለሚፈልግ የእኛ ምክር ጠመንጃ የማይፈልገውን፣ ለሁለት ዓይን የሚሆነውን እንዲገዛ ነው። ተውሶም ይሆናል። ከአዳማ ጠዋት የተነሳ መኪና ከሰዓት በፊት ሻሸመኔ ይገባል፣ ሰንቀሌ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሣሩ መሀል ቀይ ቡናማ ጀርባ ያየ ሰው ቀስ ብሎ ይጠጋ፤ እንደ አያቶቹ።