አጥንት ታዛዥ ብቻ ነውን?

ናይሮቢ ውስጥ ከኪሌሌሽዋ ሰፈር በስተምሥራቅ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የቱርካናው ልጅ የሚባለው አጽም የሚጠበቀው በዚህ ሙዚየም ነው። ካሞያ ኪሜው እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ናሪዮኮቶሜ ላይ ያገኘው ይህ አጽም ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የጭኑ አጥንት ጫፎች ከግንዱ ጋር ገና አልተዋሐዱም፤ ይኸውም ልጁ የሞተው ዕድገቱን ሳይጨርስ መሆኑን ያስረዳል።

እነዚህን ጫፎች የሚያዋሕደው ትእዛዝ የሚመጣው ከሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አንድ የ28 ዓመት ሰው የወጣ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። የሰውየው አካል የሴት ሆርሞን ለሚባለው ለኤስትሮጅን መልስ አይሰጥም ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ደርሶ እንኳ የአጥንቱ ጫፎች አልተዘጉም። ወንዱም ቢሆን ቁመቱ የሚቆመው በኤስትሮጅን ነው ማለት ነው። (ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም።)

እንግዲህ ለብዙ ዘመን ያስተማርነው ይህንኑ ነው፤ ዕጢ ያዛል፣ አጥንት ይታዘዛል። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስም አጥንት እንደ ጎተራ ተከፍቶ ይሰጣል እንላለን። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ሌላው ግማሽ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ተመራማሪዎች በዘር የሚተላለፍ የሪኬትስ ዓይነት ሲመረምሩ ኤፍ ጂ ኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን አገኙ። ይህን ሆርሞን በብዛት የሚያመነጩት የአጥንት ሕዋሳት ናቸው። በደም ተጉዞ ኩላሊት ሲደርስ ፎስፌት ከሽንት ጋር እንዲወጣ ያዛል፤ ሥራ ላይ የሚውለውን ቪታሚን ዲም ይቀንሳል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ አጥንቱ ፎስፌት አጥቶ ይለሰልሳል፤ የሕፃኑም እግር ይጣመማል።

በአገራችን እግሩ የተጣመመ ሕፃን ሲታይ ወቀሳው የሚወርደው በእናቲቱ ላይ ነው፤ ፀሐይ አላሞቀችውም ይባላል። በእርግጥ የፀሐይ እጥረት ዋና ምክንያት በመሆኑ ሕፃናትን ፀሐይ ማሞቁ ይቀጥል። ሆኖም በዚህኛው በሽታ ፀሐይም ሆነ ተራ ቪታሚን ዲ ብቻውን አይበቃም፤ የተሳሳተው ትእዛዝ ከራሱ ከአጥንቱ የመጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 ሆርሞኑን የሚያግድ ቡሮሱማብ የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

ሁለተኛው የአጥንት ሆርሞን ኦስቲዮካልሲን ነው ይባላል። የጄራርድ ካርሰንቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ይህ ንጥረ ነገር ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እንደሚረዳ አስታወቀ። በ2020 ግን ሌሎች ሁለት ቡድኖች ኦስቲዮካልሲን የሌላቸው አይጦች አርብተው ሲመረምሩ የስኳር መዛባት አላገኙም፤ ክርክሩም ቀጠለ። ስለዚህ ኤፍ ጂ ኤፍ 23ን ከዕጢዎች ትምህርት ጋር ብናስተምር ደግ ነው እንላለን፤ ኦስቲዮካልሲንን ግን ለክፍል ውይይት እንጂ ለፈተና አናወጣውም።