ኪስ ላንድ፦ የአቤል ተስፋዬ የመጀመሪያ አልበም ለምን የተወራለትን ያህል አልሆነም?

ዘ ዊኬንድን ዛሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ብላይንዲንግ ላይትስ ስፖቲፋይ ላይ ከ4 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል፤ በ2021 የሱፐር ቦውልን የዕረፍት ሰዓት መድረክ ይዟል፤ ከቦሬ እስከ ነገሌ ደግሞ ስልኩ ላይ አንድ ሁለት ዘፈኑን የጫነ ወጣት አይጠፋም። ግን "የመጀመሪያ አልበሙን ስም ጥሩ" ብትባሉ ብዙዎቻችሁ ወይ ሃውስ ኦፍ ባሉንስ ወይ ቢዩቲ ቢሃይንድ ዘ ማድነስ ትላላችሁ። ሁለቱም አይደሉም። አንዱ ሚክስቴፕ ነው፣ ሌላው ሁለተኛ አልበሙ ነው። የመጀመሪያው ኪስ ላንድ ይባላል። የወጣው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2013 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 2005፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ያን ያህል የተጠበቀ አልበም እንዴት ከትልቁ ታሪኩ መሃል ተዘለለ? እሱን ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብን።

አቤል መኮንን ተስፋዬ በ1990 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። ያሳደጉት ስካርቦሮ በሚባለው የከተማዋ ክፍል እናቱና አያቱ ናቸው። አማርኛ ያፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ አያቱ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚከፈተው ሙዚቃ ደግሞ እነ አስቴር አወቀና ሙላቱ አስታጥቄ ነበሩ። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከቤት ወጣ። በ2010 መጨረሻ ላይ ሦስት ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ተለቀቁ። ፎቶ የለም፣ ቃለ ምልልስ የለም፣ ስሙም ቢሆን አንድ ፊደል የጎደለው "ዊኬንድ" ነው። ሰው ሁሉ "ይሄ ማን ነው? አንድ ልጅ ነው ወይስ ባንድ?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከዚያ የድሬክ ሰዎች ዘፈኖቹን በብሎጋቸው ለጠፏቸው፣ ወሬውም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011፣ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚያስገርም ነው። ማርች 21 ሃውስ ኦፍ ባሉንስ፣ ኦገስት 18 ተርስደይ፣ ዲሴምበር 21 ኤኮስ ኦፍ ሳይለንስ ወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሚክስቴፕ፣ ሦስቱም በነጻ! ሚክስቴፕ ስንል አርቲስቱ የሙዚቃ ድርጅት ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ለሕዝብ የሚለቀው የዘፈን ስብስብ ማለታችን ነው። ገብተህ ታወርዳለህ፣ አለቀ። የመጀመሪያው በካናዳ ለትልቁ የፖላሪስ የሙዚቃ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ለሽያጭ ላልቀረበ ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሞችን ያዙልን፦ ዶክ ማኪኒ እና ኢላንጄሎ። የእነዚያ ሚክስቴፖች ድምፅ፣ ያ ጨለማ የሆነ፣ ሌሊት ብቻውን የሚነዳ መኪና የሚመስል ድምፅ፣ በዋናነት በእነዚህ ሁለት ፕሮዲዩሰሮች እጅ የተሠራ ነው። አድማጩ አቤልን የወደደው ከነሱ ጋር አብሮ ነው፤ ስማቸውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ድሬክ ቴክ ኬር የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ አቤልም እጁ አለበት፤ ክሩ ላቭ ላይ ድምፁን ትሰማላችሁ። አቤል ቆየት ብሎ እንደተናገረው፣ ለራሱ አልበም ካዘጋጃቸው ሥራዎች ግማሽ ያህሉን ለዚያ አልበም ሰጥቷል። ስሙ በዓለም ዙሪያ የተሰማው በዚያ ነው፤ ግን ቋቱ ውስጥ የነበረውን እህል አስቀድሞ አውጥቶ እንደ ማካፈልም ነው።

በ2012 ሪፐብሊክ ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት ጋር ፈረመ። ድርጅቱ በመጀመሪያ ያደረገው ሦስቱን የነጻ ሚክስቴፖች አጽድቶ፣ ሦስት አዳዲስ ዘፈኖች ጨምሮ፣ ትሪሎጂ በሚል ስም ኖቬምበር ላይ መሸጥ ነበር። ሁሉም ሰው ስልኩና ኮምፒውተሩ ላይ በነጻ ያለው ነገር እኮ ነው! ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 86 ሺህ ገደማ ተሸጦ ቢልቦርድ 200 ላይ 4ኛ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ አሮጌው በነጻ የተሰጠው እንዲህ ከተሸጠ፣ አዲሱ ምን ሊሆን ነው? የኪስ ላንድ ጉጉት የተሠራው በዚህ ስሌት ነው።

አልበሙ ሲወጣ 10 ዘፈኖች ነበሩት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከቶሮንቶ ብዙም ርቆ የማያውቅ ልጅ ድንገት በኮንሰርት ጉዞ ዓለምን ይዞራል፤ ሆቴል፣ አውሮፕላን፣ የማያውቃቸው ሰዎች፣ የማያውቀው ራሱ። ኪስ ላንድ የዚያ እንግዳና አስፈሪ ቦታ ስም ነው። አቤል እነ ጆን ካርፔንተርን፣ ዴቪድ ክሮነንበርግንና ሪድሊ ስኮትን የመሳሰሉ የፊልም ዳይሬክተሮች እንዳነሳሱት ተናግሯል፤ የመዝጊያው ዘፈን ርዕስ፣ ቲርስ ኢን ዘ ሬይን፣ የስኮትን ብሌድ ራነር ፊልም ላየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የጃፓን የሌሊት ከተማ ድባብም በአልበሙ ዙሪያ በሙሉ አለ።

ታዲያ ምን ጎደለ? እኛ እንደሚመስለን መጀመሪያ የጎደሉት እነዚያ ሁለት ሰዎች ናቸው። ማኪኒም ኢላንጄሎም ኪስ ላንድ ላይ የሉም። አቤል በዋናነት የሠራው ከዳኒቦይስታይልስና ከጄሰን ኬንቪል ጋር ነው። ድምፁ ሰፋ፣ ሲኒማ ሲኒማ አለ፣ ዘፈኖቹም ረዘሙ፤ ርዕሱን የያዘው ዘፈን ብቻውን ከ7 ደቂቃ በላይ ነው። ሃውስ ኦፍ ባሉንስ ላይ አንድ ዘፈን መሃሉ ላይ ተሰብሮ ሌላ ዘፈን ሲሆን ትደነግጣላችሁ። እዚህ ግን ድባቡ ከዘፈን ዘፈን ብዙም አይለወጥም፤ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ሦስተኛው የቱ እንደነበር ይጠፋችኋል። ብዙ ሐያሲያንም ያሉት ይህንኑ ነው፦ ድምፁ ያምራል፣ ግን አንድ ቦታ ይሽከረከራል።

ሌላው ምስጢሩ ነው። ፊቱ የማይታይ ልጅ ስለ ሱስና ስለ ብቸኝነት ሲዘፍን አድማጭ የቀረውን በራሱ ሐሳብ ይሞላል። በ2013 ግን አቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ ቃለ ምልልስ ሰጠ፣ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፣ ፊቱን ሁሉም አወቀው። ያው ታሪክ አሁን የሚነገረው በትልቅ ድርጅት በፈረመ ዝነኛ አፍ ነው፤ ዝና ከበደኝ የሚል ዘፈን ደግሞ ዝነኛ ላልሆነ ሰው ቶሎ አይገባም። በዚያ ላይ ቢሎንግ ቱ ዘ ወርልድ የተባለው ነጠላ ዜማ ሲለቀቅ የፖርቲስሄዱ ጄፍ ባሮው "የእኛን ማሽን ገን ያለ ፈቃድ ነው የተጠቀመው" ብሎ በአደባባይ ቅሬታ አሰማ። አልበሙ ገና ሳይወጣ ወሬው ከሙዚቃው ወደ ክርክሩ ዞረ።

ዋጋውም አለ። ይሄን ነገር እዚህም እናውቀዋለን። አንድ ልጅ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ሁለት ሦስት ዘፈን ይለቃል፣ ከስልክ ስልክ ይተላለፋል፣ ሜሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ሁሉ ይከፍቱታል። አልበም አወጣሁ ሲል ያው ሰው ጆሮው ይለወጣል፤ ትናንት በነጻ ሲሰማ "አቤት!" ያለው ዛሬ "ለዚህ ነው እንዴ?" ይላል። ነጻ ሥራ ይቅርታ ይደረግለታል፣ የተከፈለበት ግን ይመዘናል። አቤል ሦስት ጊዜ በነጻ ከሰጠ በኋላ ነው ሚዛኑ ላይ የወጣው።

ቁጥሩ ግን ውድቀት አይደለም። ኪስ ላንድ በመጀመሪያው ሳምንት 96 ሺህ ገደማ ተሸጦ ቢልቦርድ 200 ላይ 2ኛ ሆነ፤ የቀደመው የካንትሪ ዘፋኙ ኪት ኧርባን በጥቂት ሺህ ቅጂ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ይሄ ሠርግና ምላሽ ነው። ችግሩ ትሪሎጂ ጎን ስታስቀምጡት ነው፦ አሮጌዎቹ ዘፈኖች 86፣ አዲሶቹ 96። የዓለም ወሬ የጨመረው 10 ሺህ ነው ማለት ነው! ከዚያ የባሰው ደግሞ ከአልበሙ ወጥቶ በየቦታው የተሰማ አንድም ዘፈን አለመኖሩ ነው። ድሬክ ያለበት ላይቭ ፎር እንኳ ምርጥ አሥር ውስጥ አልገባም።

የሚቀጥለው ታሪክ ለእኛ ከአልበሙ በላይ ይስበናል። አቤል ተመልሶ ፊቱን አልሸፈነም፣ ሚክስቴፕም አልለቀቀም። በ2014 ከአሪያና ግራንዴ ጋር ላቭ ሚ ሃርደርን ዘፈነ፤ ምርጥ አሥር ውስጥ የገባ የመጀመሪያ ዘፈኑ ያ ነው። ከስዊድናዊው የፖፕ አቀናባሪ ማክስ ማርቲን ጋር መሥራት ጀመረ። ኦገስት 2015 ቢዩቲ ቢሃይንድ ዘ ማድነስ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር 412 ሺህ ነበር፣ 1ኛም ሆነ። ካንት ፊል ማይ ፌስ እና ዘ ሂልስ በተራ በተራ ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጡ።

አሁን እነዚያን ሁለት ስሞች አስታውሱ። ዘ ሂልስን ከሠሩት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ኢላንጄሎ ነው። በ2016 የወጣው ስታርቦይ ላይ ደግሞ ዶክ ማኪኒ ተመልሷል። ማለትም አቤል ወደ ፖፕ ሲሄድ የድሮዎቹን ሰዎች ጠርቶ ነው የሄደው። ዘ ሂልስ መጨረሻ ላይ የምትሰሙት አማርኛም ኪስ ላንድ ላይ ያልነበረ ነገር ነው፤ ዓለም ሁሉ ሊሰማው የተዘጋጀውን ዘፈን በእናቱ ቋንቋ ዘጋው። በዚያው በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50 ሺህ ዶላር ሰጥቷል።

ኪስ ላንድ ዛሬ የራሱ ወዳጆች አሉት፤ የድሮ አድናቂዎች "ያልተረዳነው አልበም" ይሉታል። እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም፣ ግን ሦስት አራት ዘፈን በእርግጥ ይገባዋል። አዳፕቴሽንን መጀመሪያ ስሙ፤ ዝናን መርጦ ፍቅርን የተወ ሰው ኑዛዜ ነው፣ ከአልበሙም ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚናገረው እሱ ነው። ቀጥሎ ዋንደርለስት፤ ትንሽ ያስወዛውዛል፣ በኋላ የመጣውን የፖፕ አቤል እዚያ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ፕሮፌሽናል። ርዕሱን የያዘውን ረጅሙን ዘፈን ለመጨረሻ አቆዩት። አልበሙ ሙሉውን አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ስለዚህ ፓኬጅ ብዙ አይበላም። ቃላቱ ግን ከአዋቂ በታች አይደሉምና ቤተሰብ ፊት በስፒከር አትክፈቱት፣ ኢርፎን ያዙ።