ያስፈራው አውሬው ብቻ ነውን?

በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ «ክሎቨርፊልድ» የተባለ ፊልም ወጣ። ኒው ዮርክን የሚያፈርስ የአውሬ ታሪክ ነው፤ ሙሉውን ግን ከጥፋቱ በኋላ የተገኘ፣ ተራ ሰው ያነሣው ቪዲዮ አስመስለው ነው ያቀረቡት። በ2007 ርዕስ አልባ ማስታወቂያ ሕዝቡን አጓጉቶት ነበርና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ገቢው ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ። ለምን ቢሉ፣ የሚንቀጠቀጠው ካሜራ ስንቱን አጥወለወለው፤ በር ላይ ማስጠንቀቂያ የለጠፉ ሲኒማ ቤቶችም ነበሩ። ሌላው ደግሞ አውሬው ከየት እንደመጣ ሳይነገረን አለቀ ብሎ አጉረመረመ። ምስጢር ጠርቶ ያመጣው ተመልካች በዚያው በምስጢሩ ተቆጣ ማለት ነው!

ከሁሉ የከበደው ግን የአቧራው ነገር ነው። ሕንፃ ሲናድ፣ አመድ የለበሰ ሰው ሲሸሽ እያየ የ2001ን የመስከረም ጥቃት የማያስታውስ ማን አለ? በሐዘን መነገድ ነው ያሉ ሐያስያን ነበሩ። እኛ ግን ጥፋቱ ማስታወሱ ላይ አይመስለንም። ጃፓኖችም «ጎጂራ»ን በ1954 የሠሩት ሂሮሺማ በነደደች በ9 ዓመቷ ነው። ልዩነቱ፣ «ጎጂራ» አውሬውን የቀሰቀሰው የሃይድሮጅን ቦምብ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። «ክሎቨርፊልድ» ፍርሃቱን ተበደረ እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀም። ታዲያ ተመልካቹ ቢያጉረመርም ምን ይገርማል? ሰው በድንጋጤ ብቻ አይጠግብማ!