ከኪፓንዴ እስከ ሥራ ውል፦ የኬንያ የሠራተኛ ሕግና የአሠሪ ግዴታ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሥራ ሕግ ስናነሣ ተማሪዎቻችን ወዲያው የሚያስቡት ፋብሪካን ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ወይም የወንጂ ስኳር በዓይነ ሕሊናቸው ይመጣል። በየቤታቸው እንጀራ የምትጋግረውንና በር ላይ የሚያድረውን ግን እምብዛም አያስታውሱም። ስለዚህ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ፣ በናይሮቢ ምዕራብ ወደሚገኘው ላቪንግተን ወደሚባል ሠፈር እናምራ። (ዓመቶቹ፣ የኢትዮጵያ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላቪንግተን ዛሬ ሰፋፊ ግቢዎችና አዳዲስ ፎቆች ያሉበት የባለጸጎች ሠፈር ነው። በ1899 የፈረንሳይ የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካህናት በዚሁ አካባቢ የቅዱስ አውስቲን ሚሲዮንን አቋቁመው ቡና ተከሉ። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የወጣው ተክል ባሕር ዞሮ ጎረቤታችን ደጃፍ መድረሱ የሚያስገርም ነው።

ቡና ግን ራሱን አይለቅምም። ቅኝ ገዥው መንግሥት ለሰፋሪዎቹ እርሻ ጉልበት ለማግኘት ሲል በ1906 የጌቶችና የአገልጋዮች ሕግ አወጣ፤ ሥራውን ጥሎ የጠፋ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይቀጣ ነበር። በ1915 ወጥቶ ከ1919 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የምዝገባ ሕግ ደግሞ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራውና የአሠሪው ስም የሰፈረበትን ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር ከቶ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል አስገደደ። ኪፓንዴ የተባለው ይህ ነው። የቀድሞው አሠሪ ካልፈረመለት ሌላ ሥራ አያገኝም፤ ሳይዝ ከተገኘም ይታሰራል። ሃሪ ቱኩ ይህንንና የደመወዝ ቅነሳን በመቃወሙ በማርች 1922 ተያዘ፤ ይፈታልን ብሎ በናይሮቢ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ በተተኮሰው ጥይት ቢያንስ 21 ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ወረቀት የመያዝና የማስረዳት ሸክም የወደቀው በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ነበር። ይህን ልብ እንበል።

ከነጻነት በኋላ ሕጎቹ ተሻሻሉ፤ ይሁን እንጂ የተበታተኑ ነበሩ። ስለ ቅጥር የ1976ቱ ሕግ፣ ስለ ደመወዝ ሌላ፣ ስለ ማኅበራት ሌላ፣ ስለ ፋብሪካዎችና ስለ ጉዳት ካሣም እንዲሁ ሌላ ሌላ ነበረ። በ1976ቱ ሕግ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ከሰጠ ወይም ምትኩን ከከፈለ ምክንያቱን ሳይናገር ማሰናበት ይችል ነበር። እናት የሁለት ወር የወሊድ ፈቃድ ስትወስድ የዚያ ዓመት ዕረፍቷ ይቀርባታል። በ2001 እነዚህን ሕጎች የሚመረምር ግብረ ኃይል በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እርዳታ ተቋቋመ። ከዚያም የተገኙት በ2007 የወጡት አምስት ሕጎች ናቸው፤ እነርሱም የቅጥር፣ የሠራተኛ ግንኙነት፣ የሠራተኛ ተቋማት፣ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት፣ እንዲሁም የሥራ ጉዳት ጥቅም ሕጎች ናቸው።

እኛ እዚህ በስፋት የምናየው የቅጥሩን ሕግ ነው። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የማዘጋጀቱም ኃላፊነት የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ማንበብ የማይችል ከሆነ ውሉ ይብራራለታል፤ ከዚያም ከአሠሪው ሌላ ሰው ባለበት አሻራውን ያሳርፋል። በኪፓንዴ ላይ የነበረው ያው የጣት አሻራ ነው፤ አሁን ግን ሠራተኛውን ሊጠብቅ ተመለሰ። ክርክር ተነሥቶ አሠሪው የጽሑፉን ውል ማቅረብ ካልቻለ የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። በጥፋት ከማሰናበቱ በፊት ምክንያቱን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መናገርና መልሱን መስማት ይገባዋል። ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተ እስከ 12 ወር ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊፈረድበት ይችላል። የወሊድ ፈቃድም ሦስት ወር ሆነ፤ የዓመት ዕረፍትንም አያስቀርም።

ሕጉ እነማንን አይመለከትም? ጦሩን፣ ፖሊሱን፣ የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎትንና ሠራተኞቹ የአሠሪው ጥገኛ ቤተሰብ ብቻ የሆኑበትን ድርጅት። የቤት ሠራተኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከአጠገቡ ካለው የካዋንግዋሬ የድኾች ሠፈር በየማለዳው በእግሯ ወደ ላቪንግተን የምትሄደው ሴት በሕግ ፊት ከባንክ ጸሐፊ እኩል ውል ይገባታል። የቤቱ እመቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል የላትም፤ ግዴታው ግን አለባት። ይህ ከብዷል የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት አንድ ገጽ ወረቀት የሚከብድ አይደለም፤ ከባዱ ተቆጣጣሪ የግቢውን በር አልፎ እንዲገባ ማድረጉ ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መንገድ ይዟል። በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ) የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰናቸው ውጭ አድርገው ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተዉት። በአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ የቆየው መጠጊያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ይኸውም በአንቀጽ 2601 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ግብረ ገብ እንዲጠብቅ ያዛል።

ይህን በማሠልጠኛ ተቋማችን ካስተማርን በኋላ ሠልጣኞቻችን በየቤታቸው ያለውን ሠራተኛ ስም፣ ሥራ የተጀመረበትን ቀንና ደመወዝ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝን። ደመወዙን ሁሉም ጽፎታል። ቀኑ በአብዛኞቹ ወረቀቶች ላይ ባዶ ነበር፤ አንዲት ሠልጣኝ ብቻ «ታናሽ ወንድሜ በተወለደ በሁለተኛው ዓመት፣ ለጥምቀት ሰሞን» ብላ ሞላችው።