የባሮ ቡናና የአኝዋ ጠመንጃ

ፑኝዶ ላይ ተማሪዎቼን ጊሎ ወንዝ ዳር ሰብስቤ ታሪክ ሳስተምር ከአንድ ውል እጀምራለሁ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሱዳንን ለሚገዙት እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ አከራዩ፤ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተስማሙ። ጋምቤላ ላይ ጣቢያው ተተከለ። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም መጥቶ የጎሬን ቡና ይጭን ነበር።

ስለዚህ የካርቱም ሹማምንት የአካባቢውን ጸጥታ ከንግዱ ጋር አያይዘው መዘኑት። የአኝዋ ሕዝብ በዝሆን ጥርስ ጠመንጃ መሸመቱ አሳሰባቸው። በ1904 ዓ.ም. ጦር ላኩ፤ የአኝዋ መሪ አክዌይ ዋ ቻም መከተው፣ እንግሊዛውያን መኮንኖችም ወደቁ።

እነሱ ሁከት ያሉትን እኛ አገር መጠበቅ እንለዋለን። ልጆቻችን ቡናውንም ጠመንጃውንም አብረው ይወቁ።