መጽሐፈ ሄኖክን ማን ጣለው? ማንስ አቆየው?

ብዙ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ከመጀመሪያው አንድ ላይ ተጠርዞ የተሰጠ ይመስለዋል። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

መጽሐፉ በአንድ ጊዜ የተጻፈ አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ክፍሎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ተጽፈው ኋላ ላይ የተሰበሰቡ ናቸው። የይሁዳ መልእክት ሄኖክን ይጠቅሳል፤ ጠርጡሊያኖስም ተሟግቶለታል።

እ.ኤ.አ. በ367 የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ በትንሣኤ መልእክቱ 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘረዘረ፤ በሄኖክ ስም የሚነበቡትን ግን ነቀፈ። የሚገርመው፣ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ጳጳስ አድርጎ ለአክሱም የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው።

በሌላው ዓለም ገልባጭ ሲያጣ መጽሐፉ ጠፋ፤ ቁርጥራጭ ብቻ ቀረ። ግእዙ ግን ሙሉውን ይዞ ቆየ። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ታተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቁምራን ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮች ሲገኙ የመጽሐፉ ጥንታዊነት ተረጋገጠ።

እንግዲህ ቀኖናን የሚወስነው ዝርዝር የሚያወጣ ጳጳስ ብቻ አይደለም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚገለብጥ ጸሐፊም ይወስናል። የብዙዎቹ ጸሐፊዎች ስም አይታወቅም፤ የገለበጡት መጽሐፍ ግን ከ81ዱ አንዱ ሆኖ ዛሬም ይነበባል።