ናዳን አስቀድሞ ለማወቅና የተቀበረን ሰው ለማዳን፦ አንድ ቀበሌ ሊይዛቸው የሚገቡ መሣሪያዎች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ለኅልፈት ዳርጓል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አውጆ ነበር። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ሳይሆኑ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። እነርሱ በአካፋና በባዶ እጃቸው አፈሩን ሲዝቁ ሁለተኛው ናዳ ከላይ ወርዶ ደረሰባቸው።

ይህ አደጋ ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪም ትልቅ ትምህርት አለው። ናዳ በደረሰበት መንደር ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት እንጂ ከሩቅ የሚመጣ ነፍስ አድን ቡድን አይደለም። ስለዚህ ጎረቤት በእጁ ምን መሣሪያ እንዳለውና ከመቆፈሩ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ቅሬ በትንሽ ወጪ ሊያሟላቸው የሚችላቸውን መሣሪያዎችና አመራረጣቸውን ያብራራል።

መሬታችን ለምን ይንሸራተታል?

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ውጫሌና ወደ ውርጌሳ የሚወስደው መንገድ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወርድበትን ተዳፋት ተከትሎ ይጓዛል። የአካባቢው ተራሮች የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ይህ ዓለት በረጅም ዘመን ተሰነጣጥቆና በስብሶ በላዩ ላይ የሸክላ አፈርና ልቅ ድንጋይ ተከምሯል።

ክረምት ሲገባ ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ ይወርዳል። የላይኛው አፈር ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፤ ከሥሩ ያለው ሸክላ ደግሞ ይላላል፣ ይሙለጨለጫል። ክብደቱ ከመያዣው ሲበልጥ መሬቱ ይሄዳል። ከዚህ በላይ የተዳፋት ግርጌ ለቤት መሥሪያ ወይም ለመንገድ ሲቆረጥ፣ ዛፍ ሲመነጠርና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሲደፈን አደጋው ይፈጥናል። ለዚህም ነው ብዙ ናዳ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል የሚደርሰው።

የበረዶ አገሮች መሣሪያ ለእኛ ይሆናል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዷማ ተራሮች የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች በደረታቸው ላይ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ይታጠቃሉ። መሣሪያዋ በ457 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ሳታቋርጥ ምልክት ትልካለች። አንዱ በበረዶ ናዳ ሲቀበር፣ ጓደኞቹ የራሳቸውን መሣሪያ ወደ መቀበያ ቀይረው ምልክቱን በመከተል ያለበትን ቦታ ያገኛሉ። ከዚያም በረጅም ዘንግ ወግተው ያረጋግጡና በአካፋ ይቆፍራሉ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የተገኘ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል።

መሣሪያዋ የምትጠቅመው ግን የተቀበረውም ፈላጊውም ሲታጠቋት ብቻ ነው። በሌሊት በቤቱ ተኝቶ ሳለ ናዳ የሚደርስበት ገበሬ ይህን ሊታጠቅ አይችልም። በተጨማሪም የአንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ክብደት ሁለት ቶን ሊጠጋ ይችላል፤ ይህም ከበረዶ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም በእኛ አገር ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ የተቀበረውን የሚያገኘው ሳይሆን፣ ሰው ሳይቀበር የሚያስጠነቅቀው ነው።

አንደኛ፦ የሚያስጠነቅቁ መሣሪያዎች

የዝናብ መለኪያ። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ ከማይጋርደው ገላጣ ቦታ ይቀመጥ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚጠቀም ሰው አፉን ቆርጦ፣ ታችኛውን ጎርባጣ ክፍል በጠጠርና በውኃ ሞልቶ፣ ውኃው የደረሰበትን መስመር ዜሮ ብሎ ይጀምር። በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት በማስመሪያ ተለክቶ በደብተር ይጻፍና ወደ ዜሮው መስመር ይመለስ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር የአንድ ቀን ልክ ብቻ አይደለም፤ የሦስትና የአራት ተከታታይ ቀናት ድምር ነው። ደብተሩ ከዓመት ዓመት ሲያዝ፣ መንደሩ መሬቱ የተንቀሳቀሰው ምን ያህል ዝናብ ከጣለ በኋላ እንደሆነ ከራሱ መዝገብ ይማራል።

ችካልና ሜትር። በተዳፋቱ ራስ ላይ ስንጥቅ ከታየ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ጠንካራ ችካሎች ይተከሉ፤ በራሳቸው ላይ ምስማር ይመታ። በምስማሮቹ መካከል ያለው ርቀት በየቀኑ ይለካ። ርቀቱ ካልጨመረ ክትትሉ ይቀጥል። በየቀኑ የሚጨምረው መጠን እያደገ ከሄደ ግን ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ከግርጌው ያሉ ቤተሰቦች ይነሡ።

የግድግዳ ልጥፍ። ቤቱ የተሰነጠቀ ሰው በስንጥቁ ላይ ስስ የጀሶ ወይም የሲሚንቶ ልጥፍ አድርጎ ቀኑን ይጻፍበት። ልጥፉ ከተሰነጠቀ መሬቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ከእነዚህ ጋር ዓይንና ጆሮም መሣሪያ ናቸው። ዛፍና የመብራት ምሰሶ ማዘንበል፣ የበር አልዘጋ ማለት፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ መደፍረስ ወይም በድንገት መድረቅ፣ አዲስ ምንጭ መፍለቅ፣ ዝናብ እየጣለ የወንዝ ውኃ በድንገት ማነስ፣ ከላይ ትናንሽ ድንጋይ መንከባለልና የጉርምርምታ ድምፅ የናዳ ምልክቶች ናቸው። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከታዩ ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም።

ሁለተኛ፦ የጥሪ መሣሪያዎች

በእጅ ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በከባድ ዝናብ ኔትወርክ ሊቋረጥ፣ ባትሪም ሊያልቅ ይችላል። በመሆኑም ጥሩንባ፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል ጎን ለጎን ሊታሰቡ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወሎ ገጠር የቅሬ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው የሚረዳው ሞት መኖሩን ነው፤ ሁሉም ወደ ድምፁ ይሄዳል። የናዳ ማስጠንቀቂያ ግን ሰው ከተዳፋቱ እንዲርቅ የሚነገርበት ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ጥሪው ሕዝቡን ወደ አደጋው ይሰበስባል። ስለዚህ ቅሬው በሰኔ ስብሰባው ከሞት ጥሪ ፈጽሞ የተለየ የአነፋፍ ስልት ወስኖ ለሕፃናት ጭምር ያስተምር፤ የሚሸሽበትንም ቦታ አብሮ ይወስን።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ፊሽካ ይበቃል። ሲገዛ በውስጡ የምትሽከረከር ኳስ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጭቃና ውኃ ሲገባበት አይዘጋምና። የተቀበረ ሰው ጮኾ ከሚደክም በፊሽካ ቢጠራ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ድምፁም ርቆ ይሰማል። ፊሽካው ከአልጋው አጠገብ ይሰቀል።

ሦስተኛ፦ የመቆፈሪያና የማውጫ መሣሪያዎች

አካፋ። ሰውን ለማውጣት አጭርና ጠንካራ እጀታ ያለው ይመረጣል፤ በጠባብ ቦታ ተንበርክኮ ለመሥራት ይመቻልና። ረጅም እጀታ ያለው የተቆፈረውን አፈር ከኋላ ለማራቅ ይጠቅማል። ዶማ ከተቀበረው ሰው ርቆ ብቻ ይሠራበት።

ድጅኖና ጠንካራ አውራጅ። ድንጋይና ምሰሶ ለመፈንቀል ያገለግላሉ። የጣሪያ እንጨትና ቆርቆሮ ወድቆም ከሥሩ አየር ያለበት ክፍተት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከመነሣቱ በፊት በድጋፍ መያዝ አለበት።

የመፈለጊያ ዘንግ። ጫፉ የደነዘዘ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር የሚረዝም ቀጭን ፌሮ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ እየተሰደደ ጣሪያ ያለበትን ቦታ ያሳያል። በድንጋያማ ናዳ ላይ ግን እምብዛም አይጠቅምም።

ባልዲ፣ ገመድ፣ ቃሬዛ፣ የእጅ ጓንትና የግንባር ባትሪ። ከእጅ ባትሪ ይልቅ የግንባር ባትሪ የተመረጠው ሁለቱንም እጅ ለሥራ ነፃ ስለሚያደርግ ነው።

ዕቃዎቹ በአንድ ሳጥን ተደርገው ከተዳፋቱ ግርጌ ውጭ በሆነ ቤት ይቀመጡ። መጋዘኑ ራሱ ከተቀበረ የተገዛው ሁሉ ከንቱ ነውና።

ከመቆፈር በፊትና በመቆፈር ላይ

የጎፋው አደጋ እንዳይደገም የመጀመሪያው ሥራ ጠባቂ ማቆም ነው። ሁለት ሰዎች ፊሽካ ይዘው ከናዳው መስመር ውጭ ተዳፋቱን ከሚያዩበት ስፍራ ይቁሙ። እነዚህ ሰዎች አይቆፍሩም። የፊሽካው ድምፅ ሲሰማ ቆፋሪው ሁሉ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ጎን ይሸሽ፤ ወደ ታች መሮጥ ከናዳው ጋር መሽቀዳደም ነው። ከባድ ዝናብ እየጣለ፣ ጭለማም ሆኖ ተዳፋቱ ካልታየ ሰው ማስገባት ሌላ ሕይወት ማስያዝ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ስማቸው ይመዝገብ፤ በየጊዜው ይለዋወጡ። የቀረው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ርቆ ይቆይ።

ፍለጋው በጥያቄ ይጀምራል፦ በቤቱ ስንት ሰው ነበር? ማን ከየትኛው ወገን ተኝቶ ነበር? ናዳው ቤቱን ወደ ታች ገፍቶት ሊሆን ስለሚችል የቀድሞ ቦታውን ብቻ መቆፈር አይበቃም። ከዚያ ሁሉም ሥራ ይቁምና ጸጥታ ይሁን። አንድ ሰው ይጣራ፤ በብረት ላይ ያንኳኳ፤ የተቀበረው ሰው ስልክ ላይም ይደወል። ሁሉም ያዳምጥ። ይህ በየጊዜው ይደጋገም።

ሰው ሲገኝ በቅድሚያ ፊቱና ደረቱ ይውጡ፤ ከአፉና ከአፍንጫው ጭቃ ይጠረግ። ከዚያ በሸማ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፈን። እግሩ ወይም እጁ በከባድ ነገር ሥር ለረጅም ሰዓት ተጭኖ ከቆየ፣ ጭነቱ በሚነሣበት ጊዜ የጤና ባለሙያ በቦታው ቢኖር ይመረጣል፤ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ንጥረ ነገር ልብንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና።

ለከተማ ነዋሪዎች

በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች ተዳፋት ቆርጦ ቤት የሚሠራ ሰው የጓሮውን ግድግዳ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ሳያበጅለት መገንባት የለበትም፤ ከኋላው የሚጠራቀመው ውኃ ግድግዳውን ይገፋዋል። የጣሪያ ውኃ በቦይ ይውረድ እንጂ ወደ ተዳፋቱ አይልቀቅ። ከላይ ያለው ጎረቤት የሚደፍነው ቦይ ከታች ያለውን ጎረቤት ቤት ያፈርሳል፤ ስለዚህ ቦይ መጥረግ የሰፈሩ ሁሉ ሥራ ነው።

በሰኔ የሚታይ ዝርዝር

ክረምቱ ሳይጠነክር ቅሬው አንድ ቀን ወስኖ እነዚህን ይመልከት፦ የዝናብ መለኪያው ተተክሏል? መዝጋቢው ማን ነው? ስንጥቅ ያለበት ቦታ ተቸክሏል? የሽሽት ምልክቱን ሁሉም ያውቃል? አቅመ ደካሞችንና ሕፃናትን ማን ያወጣል? ሳጥኑ ሙሉ ነው? ጠባቂዎቹ ተመርጠዋል? የቀበሌው፣ የወረዳው አደጋ መከላከልና የጤና ጣቢያው ስልክ ተጽፏል?

ቅሬ ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው፣ ዕቃና ምግብ ማሰባሰብ የሚችል ማኅበር ነው። ይኸው ብርታት ቀደም ብሎ ከተዘጋጀ ሰው ሳይሞት በፊትም ሊያገለግል ይችላል። ጣሳ፣ ችካል፣ ፊሽካና ሁለት ንቁ ጠባቂዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ዝናቡ ሳይጠነክር የሚደረግ ምክክር ነው።